የቢታንያው መዝገብ፦ አንድ የሮም አገረ ገዥ ስለ ክርስቲያኖች ምን አወቀ? ምንስ ሳይጠይቅ ቀረ?

እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጥቁር ባሕር ደቡብ ዳርቻ የተሾመ አንድ የሮም አገረ ገዥ «ክርስቲያኖችን እንዴት ላድርጋቸው?» የሚል ጥያቄ ለንጉሠ ነገሥቱ ጻፈ። አገረ ገዥው በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ጊዜ ከሞተው አጎቱ ለመለየት ትንሹ ፕሊኒ የሚባለው ሰው ነው። ተቀባዩ ትራጃን ነው፤ ሊቃውንቶቻችን «ምጥው ለአንበሳ» የሚሉት የአንጾኪያው አግናጥዮስ ለአራዊት የተሰጠው በእርሱ ዘመን እንደሆነ ትውፊት ይነግረናል። ደብዳቤውም መልሱም ተርፈው እጃችን ገብተዋል። የሮም ባለሥልጣኖች ስለ ክርስቲያኖች ከጻፉት ውስጥ ከዚህ የሚቀድም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን መዝገብ የሚከፍት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሮማውያን ስለ ክርስትና አነሣሥ ያወቁትን ነው። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ፕሊኒ ችሎት ተቀምጧል፣ ሰዎች አስገድሏል፣ ከእምነቱ የወጡ ሰዎችን ቃል ተቀብሏል፣ ሁለት ሴቶችን በሥቃይ መርምሯል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ኢየሩሳሌም አትነሣም፤ ጲላጦስ የለም፤ መስቀል የለም፤ ይሁዳ የሚል ቃል የለም። የክርስቶስ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቷል፦ ሁለቴ ተከሳሾች እንዲረግሙት ሲደረግ፣ አንዴ ሲዘመርለት። ይህ ባዶ ቦታ የመጣው ከሰውየው ስንፍና ነው ብለን አናምንም። የመጣው ችሎቱ እንዲጠይቅ ከተሠራበት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። የክፍለ ሀገሩ ስም ቢታንያና ጳንጦስ ነው፤ ዛሬ የቱርክ ሰሜናዊ ክፍል ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአልዓዛርን መንደርና ይህን ክፍለ ሀገር ሁለቱንም «ቢታንያ» ስለሚላቸው አንባቢ እንዳይምታታ፤ የአልዓዛር ቢታንያ በኢየሩሳሌም አጠገብ ናት። የእኛዋ በጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት መግቢያ ላይ ከጳንጦስ፣ ከገላትያ፣ ከቀጰዶቅያና ከእስያ ጋር የተጠቀሰችው ናት። ድንኳን ሰፊው አቂላም በወገኑ የጳንጦስ ሰው ነበር። ሠለስቱ ምዕት በ325 የተሰበሰቡባት ኒቅያ ደግሞ ፕሊኒ የሕንፃ ሒሳብ ከመረመረባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። እንግዲህ አዲሱ እምነት በዚያ ምድር እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የሆነበት አገረ ገዥው ነው።

ፕሊኒ ወደዚያ የተላከው ለሃይማኖት ጉዳይ አልነበረም። ክፍለ ሀገሩ በገንዘብ ብክነትና በከተሞች ሽኩቻ ታምሶ ነበር። ኒቆምድያ ለአንድ የውኃ መውረጃ 3,318,000 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) አውጥታ ሥራውን ሳትጨርስ ትታዋለች፤ የኒቅያ ቲያትር ከ10 ሚሊዮን ሴስተርስ በላይ ከበላ በኋላ መሬቱ እየሰጠመ ግንቡ ተሰንጥቋል። ትራጃን ሰውየውን ልዩ ሥልጣን ሰጥቶ፣ የጽሑፍ መመሪያ አስይዞ ላከው። ከመመሪያው አንዱ ማኅበራትን የሚከለክል ነበር። ክልከላው ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር አንድ ጉዳይ ያሳያል፦ በኒቆምድያ ታላቅ እሳት ከተነሣ በኋላ ፕሊኒ 150 ሰዎች ያሉት የእሳት አጥፊዎች ማኅበር ላቋቁም ብሎ ጠየቀ፤ ትራጃን ከለከለ። ሰዎች ለምንም ምክንያት ቢሰበሰቡ ውሎ አድሮ የፖለቲካ ቡድን ይሆናሉ የሚል ነበር ምክንያቱ፤ መሣሪያው ይቀመጥ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያጥፉ አለ። በአሚሰስ ከተማ የእኛን ዕድር የመሰለ የመዋጮ ማኅበር በተጠየቀ ጊዜ ግን፣ ከተማዋ በውል የራሷ ሕግ ስላላት፣ ገንዘቡ ለድሆች እስከዋለ ድረስ ፈቀደ። ክርስቲያኖቹ በዚህ ዓይን ሥር ነበሩ። በተወሰነ ቀን ተሰብስቦ አብሮ የሚበላ ማንኛውም ማኅበር፣ ምንም ቢያምን፣ መጀመሪያ የጸጥታ ጉዳይ ነበር።

ችሎቱ እንዴት ሄደ

የክፍለ ሀገር ችሎት አቃቤ ሕግ የለውም፤ ጉዳዩ የሚነሣው ከሳሽ ሰው በፊቱ ሲቆም ነው። አገረ ገዥው ሮም ውስጥ ላሉት መደበኛ ችሎቶች በተጻፈው ሥርዓት አይታሰርም፤ ራሱ ይሰማል፣ ራሱ ይመረምራል፣ ራሱ ይፈርዳል። ዳኛ ሆኖ የመግደል ሥልጣን አለው። ፕሊኒ በሮም ታዋቂ ጠበቃ ነበር፤ በ100 ቆንስል (የሮም ከፍተኛ ሹም) ሆኗል፤ የመንግሥት የጥንቆላ ካህንም (አውጉር) ነበር። ይሁንና በክርስቲያኖች ክስ ላይ ተገኝቶ እንደማያውቅ ደብዳቤውን ሲጀምር ይናገራል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይዟል፦ እንዲህ ያለ ክስ ከእርሱ በፊት ይታይ እንደነበር፣ በሕግ ሥራ ያረጀ ሰውም ዝርዝሩን እንደማያውቅ።

መጀመሪያ የቀረቡት ክርስቲያን መሆናቸውን አመኑ። «ክርስቲያን ነህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ያመነውን በቅጣት እያስፈራራ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። የጸኑትን በአንድ ቃል አሰናበታቸው፦ ይወሰዱ። በሮም ችሎት ቋንቋ ወደ ሞት ይወሰዱ ማለት ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ ያመኑት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ እልከኝነታቸውና የማይታጠፍ ግትርነታቸው ብቻውን ያስቀጣል ይላል። ስንት ሰው እንደተገደለ አልጻፈም። ከመካከላቸው የሮም ዜግነት ያላቸው ስለነበሩ እነርሱን ወደ ሮም እንዲላኩ መዘገባቸው፤ ጳውሎስ በፊስጦስ ፊት ይግባኝ ብሎ የተላከበት መንገድ ነው።

ነገሩ ከዚህ በኋላ ተበላሸ፤ የተበላሸውም ችሎቱ ስለተከፈተ ነው። ክስ እንደሚሰማ ሲታወቅ ክሱ በዛ፣ ዓይነቱም ተለያየ። የጸሐፊው ስም የሌለበት ወረቀት የብዙ ሰው ስም ተዘርዝሮበት ወጣ። ፕሊኒ በዚህ ወረቀት መሠረት ሰዎችን ጠራ፤ ይህ በሥርዓቱ ላይ የፈጸመው ትልቁ ስሕተት ነው፣ ትራጃንም በኋላ የነቀፈው ይህንኑ ነው። ከሳሹ በሌለበት ክስ እውነቱን የሚለይ ምስክር ስለማይኖር ፕሊኒ መለያ ፈተና አዘጋጀ። የአማልክትንና የንጉሠ ነገሥቱን ምስል ወደ ችሎቱ አስመጣ። ክርስቲያን አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም ያለ ሰው የጸሎቱን ቃል ከፕሊኒ አፍ እየተቀበለ አማልክትን ይጠራል፤ በምስሉ ፊት ዕጣንና ወይን ያቀርባል፤ መጨረሻ ላይ ክርስቶስን ይረግማል። እውነተኛ ክርስቲያኖች ከእነዚህ አንዱንም እንዲያደርጉ ሊገደዱ አይችሉም ይባላል ሲል ይጨምራል። አስተውሉ፦ «ይባላል» ነው ያለው። ስለ ክርስቲያኖች ከሌላ ሰው የሰማው አንድ ነገር በደብዳቤው ላይ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው፤ ያም እምነታቸውን ሳይሆን እንዴት እንደሚለዩ የሚመለከት ዕውቀት ነው።

ፈተናውን ያለፉ ተለቀቁ። ችግር የፈጠሩት ሦስተኛዎቹ ናቸው፦ «ነበርን፤ ትተናል» ያሉት። አንዳንዶቹ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሌሎቹ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥቂቶቹ እንዲያውም ከሃያ ዓመት በፊት ትተነዋል አሉ። እነዚህም ለምስሉ ሰገዱ፣ ክርስቶስንም ረገሙ። አሁን ጠበቃው ተጣበቀ። ክርስቲያን መሆን እንደ ነፍስ ግድያ ያለ ወንጀል ከሆነ፣ መተው የተፈጸመውን ወንጀል አይሽርም፤ ገዳይ «ትቻለሁ» ቢል አይለቀቅም። መተው የሚያድን ከሆነ ደግሞ ወንጀሉ ምን ነበር? ለንጉሠ ነገሥቱ የጻፋቸው ጥያቄዎች ከዚህ የተወለዱ ናቸው፦ ዕድሜ ይለያል ወይ? ንስሐ የገባ ይማራል ወይ? የሚቀጣው ስሙ ራሱ ነው፣ ወይስ ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚነገረው ነውር?

የተገኘው ነገር

ከእምነቱ የወጡት የሰጡት ቃል የደብዳቤው ልብ ነው። ጥፋታችን ወይም ስሕተታችን ይኸው ነው አሉ፦ በተወሰነ ቀን ሳይነጋ እንሰበሰብ ነበር፤ ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበልን እናዜም ነበር፤ ለወንጀል ሳይሆን፣ ላለመስረቅ፣ ላለመቀማት፣ ላለማመንዘር፣ ቃል ላለማጠፍ፣ አደራ ሲጠየቅ ላለመካድ በመሐላ እንተሳሰር ነበር፤ ከዚያ ተለያይተን፣ ለምግብ እንደገና እንገናኝ ነበር፤ ምግቡም ተራና ጉዳት የሌለው ነው። ይህንንም ፕሊኒ በንጉሡ መመሪያ ማኅበራትን የከለከለበትን አዋጅ ካወጣ በኋላ ትተነዋል አሉ።

ይህን ቃል ሲያነቡ መጠንቀቅ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ። «የተወሰነ ቀን» እንጂ እሑድ አይልም። «እንደ አምላክ» የሚለው ሐረግ የምእመናኑ ይሁን የፕሊኒ ትርጓሜ ላቲኑ አይለይም። ለመሐላው የተጠቀመበት ቃል «ሳክራመንቱም» ነው፤ በኋላ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ለምሥጢራት የወሰደችው ቃል ስለሆነ ብዙዎች እዚህ ጥምቀትን ወይም ቁርባንን ያያሉ፤ ለፕሊኒ ግን ወታደር የሚገባው ዓይነት ቃለ መሐላ ነው። «ተራና ጉዳት የሌለው» የሚለው ማስተባበያ ደግሞ ያለ ምክንያት አልተነገረም፤ ሰው ይበላሉ የሚለው ሐሜት በኋለኞቹ የክርስቲያን ጸሐፊዎች በሰፊው ተመዝግቧል፣ ተጠያቂዎቹም የሚመልሱት ለእርሱ ይመስላል። ከሃያ ዓመት በፊት ተውን ያሉትን ይዞ በንጉሠ ነገሥቱ በዶሚቲያን ዘመን በዚያ ስደት ነበር ማለትም አይቻልም፤ ለምን እንደተው ደብዳቤው አይናገርም።

ፕሊኒ ይህን ሰምቶ አላመነም። እውነቱን ለማውጣት «አገልጋዮች» የሚባሉ ሁለት ባሪያ ሴቶችን በሥቃይ መረመረ። በሮም ሕግ የባሪያ ቃል በተለምዶ የሚወሰደው በሥቃይ ነበር፤ ለእርሱ ተራ አሠራር ነው፤ እኛ ግን ሳይዘገንነን ልናልፈው አንችልም። የተጠቀመበት የላቲን ማዕረግ ጳውሎስ ለፌቤን ከሰጣት «ዲያቆኖስ» (አገልጋይ) ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ሳይገጥም አይቀርም፤ ያ ከሆነ ባሪያ ሴቶች በማኅበሩ ውስጥ ማዕረግ ነበራቸው ማለት ነው። በችሎቱ ከቀረቡት ውስጥ ስለ እምነቱ ከሁሉ ይበልጥ ሊናገሩ የሚችሉት እነርሱ ነበሩ። ስማቸው የለም። የተናገሩትም አንድ ቃል አልተጻፈም። ፕሊኒ የጻፈው ከጠማማና ልክ ካጣ አጉል እምነት በቀር ምንም አላገኘሁም የሚል አንድ መስመር ነው።

ጥያቄያችን የሚመለሰው በዚህ መስመር ላይ ነው። ሴቶቹ ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ፣ ስለ ሞቱና ስለ ትንሣኤው ሳይናገሩ ቀሩ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ጠያቂው ግን የሚፈልገው ነውር ነበር፦ ግድያ፣ ዝሙት፣ ሴራ። ነውር ካልሆነ ሁሉ «አጉል እምነት» በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ ገባ። ለሮም ባለሥልጣን ይህ ቃል የሚዘጋ ቃል ነው፤ ከመንግሥት አምልኮ ውጭ የሆነ፣ የባዕድና ከልክ ያለፈ ነገር ማለት ስለሆነ ምንጩን መጠየቅ አያስፈልግም። ከሃምሳ ዓመት በፊት ፊስጦስ ስለ ጳውሎስ ወደ ጌታዬ የምጽፈው እርግጥ ነገር የለኝም ማለቱ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል፤ ነገሩ ለእርሱ ሞቶ ሳለ ጳውሎስ ሕያው ነው ስለሚለው ኢየሱስ ስለተባለ አንድ ሰው የሚደረግ ክርክር ነበር። ፊስጦስ ቢያንስ ያንን ተናገረ።

የደብዳቤው መጨረሻ ደግሞ እንደ መረጃ ብቻ መነበብ የለበትም። በየዕድሜው፣ በየማዕረጉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ ብዙ ሰው ተከሷል፣ ይከሰሳልም ይላል፤ እምነቱ ከከተሞች አልፎ በመንደርና በገጠር ተሠራጭቷል፤ ባዶ ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸው ቤተ ጣዖቶች ግን መጎብኘት ጀምረዋል፣ ገዢ የጠፋለት የመሥዋዕት ሥጋም በየቦታው እየተሸጠ ነው። ይህ የጠበቃ ንግግር ነው። ንስሐ ለሚገቡት ምሕረት እየለመነ ነው፤ በሽታው ሰፊ ቢሆንም ይድናል፣ መንገዱም ምሕረት ነው ለማለት ሁለቱንም ጫፍ አጎላቸው። ስለዚህ «ባዶ ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸው» የሚለውን ይዞ የክርስቲያኑን ቁጥር ማስላት ስሕተት ላይ ይጥላል። የሥጋው ነገር ግን ሳያስቡት የወጣ ዝርዝር ስለሚመስል ሚዛን አለው። ምናልባት የመጀመሪያዎቹ ከሳሾች ገበያቸው የቀዘቀዘባቸው ሰዎች ይሆናሉ፤ በኤፌሶን ብር ሠሪው ድሜጥሮስ እንዳደረገው። ፕሊኒ ከሳሾቹን አልገለጸምና ከግምት አያልፍም።

የትራጃን መልስ

የፕሊኒ ደብዳቤ በዛሬ ኅትመቶች 10 አንቀጽ ነው፤ መልሱ 2። ወዳጄ ሰኩንደስ (የፕሊኒ ሌላ ስሙ ነው)፣ የሚገባህን አድርገሃል አለ፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ ማውጣት አይቻልም። አይፈለጉ፤ ተከሰው ከተረጋገጠባቸው ይቀጡ፤ ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ አማልክቶቻችንን በመለመን በተግባር ያሳየ፣ ያለፈው ቢያጠራጥርም፣ በንስሐው ይማር። ስም የለሽ ወረቀት ግን በምንም ክስ ቦታ አይኖረውም፤ መጥፎ ምሳሌ ነው፣ ለዘመናችንም አይገባም።

ስለ ዕድሜ የተጠየቀውን አልመለሰም። ፕሊኒ የንጉሡን ምስል አቅርቦ ነበር፤ ትራጃን «አማልክቶቻችን» ብሎ የራሱን ምስል ዘሎታል። ስሙ ወይስ ነውሩ ለሚለውም ቀጥተኛ መልስ የለም፤ መተው የሚያድን ከሆነ ግን የሚቀጣው ስሙ ነው ማለት ነው። የክርስቶስ ስም በመልሱ አንድም ጊዜ አይገኝም። ክርስቲያኑ ጸሐፊ ተርቱሊያን በ197 ይህን ውሳኔ ሲሞግት፣ ንጹሐን ናቸው ብለህ አትፈልጋቸውም፣ ወንጀለኞች ናቸው ብለህ ትቀጣቸዋለህ፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ ፍርድ ነው አለ። በሎጂክ ልክ ነው። በተግባር ግን ክሱ ፊቱን በሚያሳይ ከሳሽ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ተተኪው ሐድርያን የእስያ ገዥ ለነበረው ለሚኑኪየስ ፉንዳነስ ሲጽፍ በሐሰት የሚከስ ይቀጣ ብሎ ይህንኑ አጠናከረ።

ሌሎቹስ ምን ያውቁ ነበር?

በሮም ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እንዲያውም የፕሊኒ ወዳጅ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ስለ 64ቱ የሮም ቃጠሎ ሲጽፍ ኔሮን ክርስቲያኖችን እንደወነጀለ ይነግረንና ምንጩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፦ ስሙ የመጣው ከክርስቶስ ነው፤ እርሱም በጢባርዮስ ዘመን በጰንጤናዊው ጲላጦስ ተገደለ፤ አጉል እምነቱ ለጊዜው ቢታፈንም በይሁዳ ብቻ ሳይሆን በሮምም ዳግም ፈነዳ። ሰው፣ ዘመን፣ ገዥ፣ አገር፤ ከፕሊኒ የጎደለው ሁሉ እዚህ አለ። ታሲተስ ግን ጲላጦስን «ፕሮኩራቶር» ይለዋል። በ1961 በቂሣርያ የተገኘው ድንጋይ «ፕሬፌክት» ይለዋል፤ የይሁዳ ገዥዎች ፕሮኩራቶር መባል የጀመሩት ከቀላውዴዎስ ወዲህ ነው። ታሲተስ በራሱ ዘመን የታወቀውን ማዕረግ ተጠቀመ፤ ይህም ከጲላጦስ እጅ የወጣ ሰነድ እየገለበጠ እንዳልነበር ይጠቁማል።

ፕሊኒ ከዚያው ክፍለ ሀገር ሆኖ ከትራጃን ሞገስ የለመነለት የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊው ሱቶኒየስ ደግሞ፣ ቀላውዴዎስ በ«ክሬስቱስ» ቆስቋሽነት የሚሸበሩትን አይሁድ ከሮም አስወጣ ብሎ ጽፏል። ክርስቶስን ማለቱ ከሆነ፣ በሮም ተገኝቶ ሁከት የሚያስነሣ ሰው አድርጎ ተረድቶታል። በዚያ ትእዛዝ ከተባረሩት አንዱ የጳንጦሱ አቂላ ነበር። እንግዲህ በአንድ ክበብ ውስጥ ያሉ ሦስት ወዳጆች ሦስት የተለያየ ነገር ያውቁ ነበር፤ ደብዳቤ የሚጻጻፉ ሰዎች ቢሆኑም ስለዚህ ነገር የተጠያየቁበት ደብዳቤ አልተገኘም።

ጲላጦስ ለጢባርዮስ ላከው የሚባለው ዘገባ በዚህ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። ሰማዕቱ ዮስጢኖስና ተርቱሊያን እንዲህ ያለ ሰነድ እንዳለ ይናገራሉ፤ በእጃችን ያሉት የጲላጦስ ደብዳቤዎች ግን ከዘመናት በኋላ የተደረሱ ናቸው። በእኛ ስንክሳር ጲላጦስ ሰኔ 25 መታሰቡ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው፤ የራሱ ክብር አለው፣ ግን የሮም መዝገብ ቤት ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

ሰነዱ ራሱ ይታመናል?

የፈጠራ ነው ያሉ ነበሩ። ክርስቲያን ፈጠረው እንዳይባል፣ ምእመናን በገፍ ክርስቶስን ረገሙ፣ እምነታቸውም ጠማማ ነው ብሎ የሚጽፍ ክርስቲያን አይገኝም፤ ተርቱሊያንም ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ይዘቱን ያውቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሣርያው አውሳብዮስ ስለ ጉዳዩ የጻፈው ከተርቱሊያን የግሪክ ትርጉም ወስዶ ነው፤ ስለዚህ የእርሱ ሁለተኛ ምስክርነት አይደለም። ላቲኑ የደረሰን በአንድ ብራና በኩል ብቻ ነው። በ1500 ገደማ በፓሪስ የተገኘው ይህ ብራና ተገለበጠ፤ ደብዳቤው በ1502 ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ፤ በ1508 አሳታሚው አልዶ ማኑዚዮ በቬኒስ ዐሥር መጻሕፍት ያሉትን የፕሊኒን ደብዳቤዎች ስብስብ ሙሉ አድርጎ አወጣው። ከዚያ በኋላ ብራናው ጠፋ። ከእርሱ የተረፉት ስድስት ቅጠሎች ዛሬ በኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በእነርሱ ላይ ያለው የሁለተኛውና የሦስተኛው መጽሐፍ ክፍል ነው፤ ስለ ክርስቲያኖች የተጻፈው ደብዳቤ ያለበት ዐሥረኛው መጽሐፍ ከውስጣቸው የለም።